ከተራራው ስንወርድ ያዘፈንኩት ሰው

ለምወድሽ እናቴ፣

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? የአባዬ ሳል፣ ከድንጋይ ከሰል ጉድጓዱ ሥራ ወጥቶም አልለቀው አለ አይደል? እህቴ ኦፓልስ ከነልጇ ደህና ናት? እኔ አካሌ ደህና ነው። ወንድሜ ዌንደልም ከበሮውን እየደበደበ፣ እየበላና እየሳቀ ይውላል። ፈርቻለሁ፣ እማዬ። ካንቺ ሌላ ለማን እነግራለሁ?

የሙዚቃ ባንዳችን አለቃ ኤመሪ ስታግስ አውቶቡሱን ራሱ እንደሚነዳ ታውቂያለሽ። ስንት ሕዝብ የሚያጨበጭብለት ዘፋኝ፣ መድረክ ላይ ላቡን ጠርጎ ሳይጨርስ «ልጆቼ ይተኙ፣ መንዳቱን ለእኔ ተዉት» ይላል። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ደግሞ አጠገቡ ተቀምጦ እንቅልፍ እንዳይጥለው ያወጋዋል። ከእኔ በፊት ዴልበርት የሚባል ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። እሱ ከሞተ ወዲህ ወንበሩ የእኔ ነው።

ቅዳሜ አንድ የገጠር ባዛር ላይ ተጫውተን ከሰዓት በኋላ ተነሳን። የሞንቲግልን ተራራ መውረድ ስንጀምር አለቃ ዞር ብሎ አየኝና «ዴልበርት፣ ወዴት ነው የምንሄደው?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። እግሩን ከፍሬኑ አንስቶ መንገዱን አይቶት እንደማያውቅ ያየዋል። አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ለጥቂት ሳተን። ክው አልኩ። መሪውን እንዳልነጥቀው ገደሉ ከጎናችን ነው፤ ወንድሜ ከኋላ ተኝቷል።

ምን እንደመራኝ እንጃ፣ እሱ ስም ያወጣበትን ዘፈን ማዜም ጀመርኩ። ወዲያው ተቀበለኝ። እየዘፈነ ማርሹን ቀነሰ፣ ፍሬኑንም ያዘ። ዘፈኑ ሲያልቅ ግን ዓይኑ እንደገና ፈዘዘ፤ እኔም ሌላ አነሳሁ። ልጆቹ ነቅተው «ሎይድ ዛሬ ምን ቀምሶ ነው?» እያሉ ያፌዙብኛል። ዌንደል ወንበሩን እየደበደበ ያጅበናል፣ ቫዮሊን ተጫዋቹም ቫዮሊኑን አወጣ። ለእነሱ ጨዋታ ነው፣ የእኔ ላብ ግን በጀርባዬ ይወርዳል። እንዲያ እየዘፈንን ወረድን።

ታች ስንደርስ እኔ ልንዳ ብዬ ለመንኩት። «እኔ መንዳቱን የተውኩ ቀን የሙዚቃ ባንዳችንም ያከትማል» ብሎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ለልጆቹ ብነግራቸው ማን ይመነኝ? መድረክ ላይ አንዲት ቃል ስቶ የማያውቅ ሰው እንዴት መንገድ ይረሳል ይሉኛል። ዌንደልማ ስነግረው «አንተ ድሮም ፈሪ ነህ» ብሎ ሳቀብኝ። የፊታችን ቅዳሜ በዚያው ተራራ እንመለሳለን።

እማዬ፣ ይህ እንደደረሰሽ ለዌንደል ቴሌግራም ላኪለት። ታምሜያለሁ፣ ቶሎ ድረስልኝ በይው። እኔን አይሰማኝም፣ ያንቺን ሕመም ከሰማ ግን አንድ ቀን አያድርም። ውሸት እንደምትጠዪ አውቃለሁ፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።

አባዬን ሳሚልኝ፤ ጉሮሮውን ከብርድ ይጠብቅ በይው። ኦፓልን ሰላም በይልኝ፤ ለዌንደል የሚወደውን የበቆሎ ዳቦ ትጋግርለት። ልጇንም በእኔ ስም አቅፊልኝ።

እኔን ግን እንዳትጠሪኝ። እኔ ከሄድኩ አጠገቡ ማን ይዘፍንለታል?

ልጅሽ ሎይድ
ቻተኑጋ፣ ቴነሲ
ማክሰኞ፣ ጁን 6 ቀን 1967