ሦስተኛው ዋልዝ

ሐሙስ፣ ጁላይ 3

ከሄልሲንኪ መንደራችን አባዬ ዘንድ ደረስኩ። አባዬ በረንዳው ላይ ድንች ይልጣል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ከገባለት ወዲህ ትራምፔት መንፋት አቅቶታል። ከቤትም አይወጣም። እንዲህ ሆኖ ሊቀር ነው? ቅዳሜ በሐይቁ ዳር ባለው የዳንስ አዳራሽ በእሱ ቦታ የምነፋው እኔ ነኝ።

«ትመጣለህ?»

«መጥቼ ምን ልሠራ? ግድግዳ ልደግፍ?»

ዓርብ፣ ጁላይ 4

ጋዜጣ ላይ ስለ እኔ የወጣውን አነበብኩለት። የሄልካ ጃዝ እንደ ዜማ ይፈስሳል፣ በድምፆቹ መካከል ዝም ማለት ታውቅበታለች ይላል። ሳቀብኝ።

«ዝምታ ይሉታል እንዴ? እኔ ቆም የምለው ዳንሰኞቹ ዞረው እስኪጨርሱ ነበር።»

የራሴ ስልት ነው ብዬ የኖርኩት... ልጅ ሆኜ ከመድረኩ ጀርባ ተኝቼ የሰማሁት ኖሯል?

ቅዳሜ፣ ጁላይ 5

አልመጣም ብሏል። ነጭ ሸሚዙን ግን ተኩሷል።

እሁድ፣ ጁላይ 6

ትናንት ማታ መጣ! በሩ አጠገብ ቆመ። ሴቶች ወንዶችን ለዳንስ የሚጋብዙበት ሰዓት ሲደርስ ጎረቤታችን ኬርቱ ቀጥ ብላ ሄደችበት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ እንደ አባዬ ብቻዋን ነው የምትኖረው።

«ና ታውኖ። ዕድሜህን ሙሉ መድረክ ላይ ተሸሽገህ አመለጥከኝ። ዛሬስ ምን ልትል ነው?»

«እግሬን...»

«ስለ እግርህ ማን ጠየቀህ?»

እኛ ዘንድ ደንቡ ከአንድ ሰው ጋር ሁለት ዘፈን፣ ለምሳሌ ሁለት ዋልዝ፣ ብቻ መደነስ ነው። ከዚያ ወንዱ ሴቲቱን ወደ ቦታዋ ይመልሳል። ሦስተኛ ከደገሙማ መንደሩ ያወራል። እኔ ደግሞ እንደ ጃዝ ቤት ዓይኔን ጨፍኜ ስነፋ፣ ሁለተኛውን ዋልዝ ሳላቆም ሦስተኛው ውስጥ ገባሁ። ምን ነካኝ? ዓይኔን ስገልጥ ጥንዶቹ ሁሉ እንደተያያዙ መሐል ላይ ተገትረዋል። ፊታቸው ቲማቲም መስሏል።

«ሄልካ፣ ልትድሪን ነው እንዴ?» አለ አንዱ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ላቆም ትራምፔቱን ዝቅ ሳደርግ አባዬ ከኬርቱ ትከሻ በላይ አሻግሮ አየኝ።

«አታቁሚ!»

ሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው... ቀጠልኩ። ዞረው እስኪጨርሱ እየጠበቅኩ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 19

ሄልሲንኪ ተመልሻለሁ። ለአባዬ ደወልኩ። አያነሳም። ደጋግሜ ደወልኩ... በስንት ጊዜው ኬርቱ አነሳች።

«ደህና ነው?» አልኳት።

«ምን ይሆናል? የዳንስ ጫማውን እያሰረ ነው ልጄ።»

ከኋላዋ የአባዬ ድምፅ ተሰማኝ።

«ኋላ ትደውል በያት! አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነው!»

ስልኩ ተዘጋ።