የዘይነብን ድምፅ ፍለጋ

ሰኞ
ዛሬም ጩኸት ብቻ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሬዲዮኑን መስኮት ላይ አስቀምጬ አንቴናውን ወዲያ ወዲህ አዞርኩት። እንደሚቆላ ቆሎ ይንጣጣል እንጂ የሰው ድምፅ የለውም። ልጄ ዘይነብ ከሰኞ እስከ ዓርብ በዚህ ሰዓት በአጭር ሞገድ የኦሮምኛ ፕሮግራም እንደምታቀርብ የነገረኝ ሰንበቴ ገበያ ያገኘሁት የድሮ ተማሪዬ ነው። እኔ አባቷ ከሰው ሰማሁ። ከባሏ ጋር አዲስ አበባ ገብታ የነርስነት ሥራዋን ለሬዲዮ ስትተው፣ "ከእንግዲህ ድምፅሽን እንዳልሰማ" ብያት ነበር። ሁለት ዓመት ሆነው። ቃሌን አከበረች።

ማክሰኞ
ለአንቴና የሚሆን ሃያ ሜትር ሽቦ ገዛሁ። ከጣሪያዬ ጫፍ እስከ መንገዱ አጥር ወጠርኩት፤ ቆርቆሮ እንዳይነካ ጫፎቹ ላይ ከጀሪካን የቆረጥኩት ፕላስቲክ አለ። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ኮራ ብዬ ገባሁ። ጩኸቱ ባሰበት።

ረቡዕ
ከዙህር ሶላት ስመለስ ሽቦዬ ላይ የጎረቤቴ የሙሚና ብርድ ልብስ ተሰጥቷል። ሁለት ሽርጥም። "መምህር፣ ጀዛከላህ፣ ማስጫ ቸግሮኝ ነበር" አለችኝ።  "አብሽሪ፣ ግድ የለም" ብዬ ገባሁ። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ግቢዬ ውስጥ የሰው ልብስ ሲወዛወዝ አላየሁም። አንሺ ለማለት አልጨከንኩም። ስለዚህ ዛሬ ሬዲዮ የለም።

ሐሙስ
ዘጠኝ ከሃያ ላይ መብራት ሄደ፤ በባትሪ የሚሠራው ሬዲዮኔ ሳይጠፋ ጩኸቱ ብቻ አብሮ ሄደ። አንዲት ሴት ጥርት ባለ ኦሮምኛ "ነጋቲ" ብላ ተሰናበተችና ሙዚቃ ተከተለ። እሷ ትሁን ሌላ ሰው አልለየሁም። የልጅን ድምፅ አለመለየት ያሳፍራል።

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሽቦውን የወጠርኩት ከመብራት መስመሩ ጎን ለጎን ነው። ይህን የስምንተኛ ክፍል ተማሪም ያውቀዋል። ወደ ሙሚና ቁርቁራ ዛፍ ማዞር ስላለብኝ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት፣ የዘይነብንም ጭምር። እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

"ለዛፉስ ችግር የለም። ግን መምህር፣ ስልክ የለዎትም ወይ?" አለችኝ። 

ዓርብ
ከጁምዓ በኋላ ሙሚና መሰላሉን ይዛልኝ ሽቦውን ወደ ዛፉ አዞርኩት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ድምፁ አጠገቤ ተቀምጦ እንደሚያወራ ሰው ጠራ። አቅራቢው ግን ወንድ ነው። "ባልደረባችን ዘይነብ ባለፈው ሳምንት ሴት ልጅ በሰላም ተገላግላለች፤ እንኳን ደስ አለሽ" አለ። ስለዚህ የትናንትናዋ እሷ አልነበረችም። ማርገዟን እንኳ አላውቅም። እንባዬ መጣ፤ ሙሚና ፊቷን ወደ ዛፉ አዞረችልኝ።

ደወልኩ። ባሏ አነሳ። አባቷ ነኝ አልኩት። ከጀርባው "ማነው?" የሚል ድምፅ መጣ። እሷ ናት፤ በአንድ ቃል አወቅኳት። "ልጅቷን አስተኝታ ትደውልልዎታለች" አለኝ።

አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። እስካሁን አልደወለችም። ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቼ አጠገቡ ተቀምጫለሁ።