በወንድሙ ስም የተቀበረው

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 6

አተር እየፈለፈልኩ ነበር። ሬዲዮው ስለ ትልቁ ልጄ፣ ስለ ቤዝቦል ተጫዋቹ፣ ያወራል። ክለቡ እንደገና ያስፈርመዋል ወይስ ያሰናብተዋል? አንዱ «ገና ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ሦስት ዓመት በደንብ ይመታል» ይላል። ሌላው «ጉልበቱ አልቋል፣ ምን ያደርግላቸዋል?» ይላል። ገበያ የወጣ በሬ አደረጉት። ልዘጋው ፈልጌ እጄ ቆሻሻ ነበር... ተውኩት።

ከስኳር ፋብሪካው ሁለት ሰዎች መጡ። ደጃፉ ላይ ኮፍያቸውን አወለቁ። ያኔ ገባኝ።

«ዶኛ ኤኔሪያ፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«ልጅዎ ኤልፒዲዮ ነው... በሞተር ብስክሌት ሲሄድ... ሸንኮራ የጫነ መኪና...»

ፋብሪካው ኤልፒዲዮ ብሎ ነው የሚያውቀው። የሞተው ግን ራሚሮዬ ነው። ታናሹ። ነገሩን ነገ እጽፈዋለሁ። ዛሬ እጄ እምቢ አለኝ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 7

ቀበርነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቁ ልጄ ኤልፒዲዮ ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላው ቤዝቦል ሲመታ ያየው ሁሉ ያደንቀው ነበር፤ የሚገዛው ግን ጠፋ። ለአሜሪካኖቹ ሃያ አንድ ዓመት ሽማግሌ ነው። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው የሚፈልጉት። ደላላው ኤራስሞ ባሌን መከረው፤ «የታናሹን የልደት ወረቀት ለታላቁ ስጠው። አራት ዓመት ይቀንስለታል» አለው። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ሰጠ። እኔን ማን ጠየቀኝ? ኤልፒዲዮ «ራሚሮ» ተብሎ አሜሪካ ገባ፣ ኮከብ ሆነ። ራሚሮ የታላቁን ወረቀት ይዞ «ኤልፒዲዮ» ተብሎ ፋብሪካ ገባ። እዚህ ሰፈር ግማሹ ቤት እንዲህ አድርጓል። ስለዚህ ማንም የማንንም አያወራም።

የሞት ወረቀቱም በዚያው ስም ወጣ። መስቀሉ ላይ «ኤልፒዲዮ ሎራ» ተብሎ ተጻፈ።

በሕይወት ያለው፣ ለዕረፍት ከአሜሪካ የመጣው ኤልፒዲዮ ከጎኔ ቆሞ የገዛ ስሙን መቃብር ላይ አነበበ። ጥቁር መነጽር አድርጓል። ምን እንደተሰማው አላውቅም። ኤራስሞ ግን ጆሮዬ ድረስ ጎንበስ ብሎ፦

«ዶኛ፣ ሲያለቅሱ ስም አይጥሩ። ክለቡ በዚህ ሳምንት ነው የሚወስነው።»

ልጄን ስሙን ሳልጠራ አለቀስኩት። እንዲህ ያለ ለቅሶ አለ?

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 8

የዘጠኙ ቀን ጸሎት ተጀምሯል። ዛሬ ሁለተኛው ነው። ጠረጴዛው ነጭ አንሶላ ለብሷል፣ ሻማ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ። ጸሎቱን የምትመራው ዶኛ ቱላ ናት። «ስለ ኤልፒዲዮ ነፍስ» ትላለች፣ ሰው ሁሉ ይቀበላል። እኔ አፌን ገጥሜ ተቀመጥኩ።

ሰዉ ሲወጣ ያዝኳት።

«ቱላ፣ እግዚአብሔር በየትኛው ስም ነው የሚያውቀው?»

«አንቺ ባስጠመቅሽው ነዋ። ግን ኤራስሞ ለመነኝ... ምን ላድርግ?»

«በዘጠነኛው ቀንስ?»

በዘጠነኛው ቀን ጠረጴዛው ይፈርሳል፤ ሟቹ በስሙ ተጠርቶ «በሰላም ሂድ» ይባላል። ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነው።

«በስህተት ስም ከጠራነውስ?» አልኳት።

አማተበች። «እናቴ በስሙ ያልተጠራ ሟች ደጅ ላይ ይቀራል ትል ነበር።»

ደጅ ላይ። ራሚሮ ደጅ ላይ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 10

ሚስተር ሆልት መጣ። የክለቡ ሰው ነው። ያረጀ ተጫዋች ስንት ዓመት እንደቀረው አይቶ የሚፈርደው እሱ ነው። የአበባ ጉንጉን ይዟል፣ የክለቡ ዓርማ ተለጥፎበታል። ወስዶ ከማርያም ሥዕል ፊት አቆመው። እመቤታችን ተሸፈነች።

«ኀዘንዎ ኀዘናችን ነው፣ ዶኛ።» ከዚያ ትንፋሽ ሳይወስድ ወደ ልጄ ዞረ። «ጉልበቱስ?»

ኤልፒዲዮ ሱሪውን ጠቀለለ። ወንድሙ በሚለቀስበት ቤት፣ ሻማው ፊት። ሰውየው በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው።

«እዚህ ጋ ያምሃል?»

«አያመኝም።»

ያመዋል። ከንፈሩን ሲነክስ አውቀዋለሁ።

ግቢው ውስጥ ሽማግሌዎቹ ዶሚኖ ይጫወታሉ። በመስኮት ያያሉ።

«ጥርሱንም ያስከፍተው!» አለ ዶን ቺሎ።

«ጥርሱ የተገዛ ነው፣ ምኑን ያየዋል?»

«እንግዲያው ሰኮናውን ይይ!»

ሳቁ። እኔም ሳቄ ሊመጣ ነበር... ከዚያ አስጠላኝ። ሁሉም አስጠላኝ።

ሩዝና ሥጋ ቀረበ። ሆልት ሦስቴ አስጨመረ። ከዚያ ልጄን ሜዳ ወሰዱት። በለቅሶ ሳምንት! ነጠላ ጫማዬን እየጎተትኩ ተከተልኳቸው። ኳሱን ሲመታ ድምፁ ያው የድሮው ነው፣ ደረቅ እንጨት እንደሚሰነጠቅ። ሲሮጥ ግን አየሁት። ግራ እግሩን ያስከትለዋል። መቼ አረጀብኝ? ሆልት የያዘውን ሰዓት አየ፣ ኪሱ ከተተው።

ኤራስሞ ሮጦ ደረሰ። «ኀዘን ነው፣ ሚስተር ሆልት! ኀዘን እግር ያከብዳል። ወንድሙን ከቀበረ እኮ ገና ሦስት ቀኑ ነው!»

የልጄን ሞት የጉልበት ሰበብ አደረገው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 11

ራሚሮ ቆሞ ነበር የሚበላው። «ተቀመጥ» ስለው «ተቀምጬ የምበላው አሜሪካ ያለው እኔ ነኝ» ይለኝ ነበር።

ሬዲዮው ስሙን ሲጮኽ ከፋብሪካ እንደገባ ጥቀርሻውን እየታጠበ፦ «ሰማሽ እማ? ዛሬ ሁለት መታሁ! ክንዴን እሺልኝ።» አሸው ነበር እኮ። ምን ያህል ደክሞት እንደሆነ ክንዱን ይዤ ነበር የማውቀው።

አንዴ ብቻ ነው ያለ ሳቅ የተናገረው። ቪዛ ሊጠይቅ ፈልጎ፣ «ስሜ ቀድሞኝ ሄዷል፣ በምኔ ልሂድ?» አለ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 12

ኤልፒዲዮ ጸሎቱ ሲጀመር ይወጣል። ግቢ ቆሞ ያጨሳል። ዛሬ ሄጄ ከጎኑ ቆምኩ።

«ለምን አትገባም?»

«የገዛ ስሜን ለሙታን ሲያስረክቡት ልስማ? እማ፣ በየቀኑ እኔን ነው የሚቀብሩኝ።»

«እንግዲያው አስተካክለው።»

«ካስተካከልኩት ሠላሳ ስምንት ዓመት እሆናለሁ። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ማን ያስፈርማል?»

«ወንድምህ ደጅ ላይ ሊቀር ነው።»

«ሦስት ዓመት ብቻ ታገሺኝ። ጨዋታውን እንዳቆምኩ መስቀሉን በእብነ በረድ አሠራለታለሁ። በስሙ። በትልቅ ፊደል።»

«እስከዚያስ የት ይቆይ?»

ሲጋራውን በጫማው አጠፋ። ይህን ጡቴን አጥብቼ ነው ያሳደግኩት? ራሚሮንም ያሳደግኩት በዚያው ጡት ነው። ከየት መጣ?

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 13

ምንም። አስጠላኝ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 14

ኤራስሞ የታሸገ የአሳማ ሥጋ ይዞ መጣ። የወርቅ ጥርሱ ይስቃል።

«ነገ ሚስተር ሆልት ጸሎቱ ላይ ይገኛል። ከነገ ወዲያ ጠዋት ፊርማ ነው። ሦስት ዓመት! ዶኛ፣ ነገ ብቻ አፍዎን ይጠብቁልኝ።»

«አንተ ልጅ አለህ?»

«አራት አሉኝ።»

«ሁሉም በየስማቸው ናቸው?»

ሳቀ። ቀልድ መስሎት። ሥጋውን ለውሻ ሰጠሁት። ውሻው በላው፣ እሱም ነውር የለውም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 15

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሞላ። ሆልት ከፊት ተቀመጠ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ኤራስሞ በሩን ይዞ ቆመ። ኤልፒዲዮ እንደልማዱ ግቢ ነው።

ጸሎቱ አለቀ። አንሶላውን መግፈፍ ጀመሩ። ቱላ ውኃውን አነሳች። «ኤልፒዲዮ ሎራ፣ ከዚህ ቤት...» ብላ አቆመች። አየችኝ።

ተነሳሁ። ላስበው አልፈለግኩም፣ ካሰብኩት እቀመጣለሁ።

«ራሚሮ» አልኩ። ድምፄ ቀጠነብኝ። ደግሜ፣ «ራሚሮ ሎራ! ታናሹ ልጄ! የሞትከው አንተ ነህ። እናትህ ነኝ የምጠራህ። በሰላም ሂድ፣ አባቴ፣ ደጅ ላይ እንዳትቀር።»

ኤራስሞ ከበሩ ላይ፣ «በኀዘን ብዛት ነው! ትቀባዥራለች!» አለ።

«አንተ ቀባዥረህ ሙት!» አለችው ቱላ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ከዚያ «ራሚሮ፣ በሰላም ሂድ» አለች። ቤቱ ሁሉ ተቀበለ። ዶን ቺሎም ከግቢ ጮኾ ተቀበለ።

ኤልፒዲዮ ገባ። መሐል ወለሉ ላይ በታመመው ጉልበቱ ተንበረከከ። «ራሚሮ» አለ። እንደ ልጅነቱ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ራሱን ይዤ... የጠፋው ልጄ ይኸው ተመለሰ አልኩ።

ውኃውን ደጅ ደፋነው።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 16

ተመለሰ ብዬ ጽፌ ነበር። ሞኝ ነኝ።

ሆልት ጠዋት መጣ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩት። ተቀምጦ የዝንጅብል ሻይ ጠየቀ።

«ዶኛ ኤኔሪያ፣ እኛ ካወቅነው ቆይቷል። ጉልበቱን ራጅ ያነሳው ሐኪም ነው የነገረን። ወረቀት ይዋሻል፣ አጥንት አይዋሽም።»

«አውቃችሁ ነው?»

«እስከመታ ድረስ ምን ቸገረን?»

«ታዲያ ልጄ በሰው ስም የተቀበረው ለምንድነው?»

ሻዩን እፍ አለበት። «እሱን እኛ አላዘዝንም።»

እውነቱን ነው። ማንም አላዘዘም። ቀድመን እኛው አዘጋጅተን ሰጠናቸው። ኤራስሞን አየሁት፣ ወለሉን ያያል።

«አሁን ግን ነገሩ ሰው ፊት ወጥቷል» አለ ሆልት። «ሦስት ዓመት ብለን ነበር። አንድ ዓመት እንስጠው፣ በግማሽ ዋጋ።»

«በየትኛው ስም?» አለ ኤልፒዲዮ።

«በድሮው ነዋ! ሕዝቡ የሚያውቀው ራሚሮን ነው። ማሊያውም የሚሸጠው በሱ ነው። የሰፈር ለቅሶ ጋዜጣ ላይ አይወጣም።»

ለካ የረከሰው ልጄ ራሱ ነው። ስሙ ዋጋ አለው። የሞተው ልጄ ስም ከቆመው ልጄ ጉልበት ይበልጣል!

«አትፈርም» አልኩት። «ትናንት አልቅሰሃል። ስሙን መልስለት።»

«እማ፣ ከኳስ መምቻው ዱላ በቀር ምን አውቃለሁ?»

«ወንድምህ ጥቀርሻ ያውቅ ነበር። በዚያ ኖረ።»

ዓይኔን አላየም። እኔ አተር በምፈለፍልበት ጠረጴዛ ላይ ፈረመ። «ራሚሮ ሎራ»። አንዴም ሳይሳሳት፣ በሚያምር ጽሕፈት።

ሆልት ሻዩን አመሰገነ። ብርጭቆውን በአመድ ፈትጌ አጠብኩት፤ አልጠራ አለኝ፣ ጣልኩት።

እሑድ፣ ዲሴምበር 9

ብዙ ቀን አልጻፍኩም።

መዝገብ ቤት ሄጄ ነበር። ልጅቷ ደህና ልጅ ናት፣ አስቀመጠችኝ። «እማማ፣ ራሚሮ ሎራን እኮ ትናንት በቴሌቪዥን አየነው። በሕይወት ላለ ሰው የሞት ወረቀት እንዴት እንስጥ?» አለችኝ። ምን ልበላት? እሷም ሕግ አለባት። ወጣሁ።

መስቀሉን ራሴ ቀባሁት። የድሮውን ስም በነጭ ቀለም ሸፈንኩ፣ በላዩ «ራሚሮ» ብዬ ጻፍኩ። «ሮ» ትንሽ ተጣመመች። ቱላ «ተያት፣ የእናት ጽሕፈት ነው» አለችኝ። የመቃብር ዘበኛው አይቶ እንዳላየ አለፈ።

ሬዲዮውን ለዶን ቺሎ ሰጠሁት። ስሙ ሲጮኽ መስማት አልችልም።

ኤልፒዲዮ ትናንት ደወለ። «ባርኪኝ እማ» አለ።

«እግዚአብሔር ይባርክህ፣ ኤልፒዲዮ።»

በዚያ ስም ከጠራሁት ስንት ዘመን! ከዚያ «ጉልበቴን አመመኝ» አለ። «ይመምህ» ልል ነበር... «እሸው» አልኩት። ስልኩን ዘጋሁ። ልጄ ነው። ግን ፊቱን ማየት ገና ያስጠላኛል። ይህንንም እግዚአብሔር ያውቀዋል።

ከእኔ በኋላ ይህን ደብተር የምታገኙ ሰዎች፣ ማንም ሁኑ፣ አንድ ነገር ብቻ ለምኑልኝ። ስሙ በየሜዳው ይጮኻል፣ ጭብጨባው ግን የሱ አይደለም። እናንተ በቀስታ ጥሩት። «አምላክ ሆይ፣ የስኳር ፋብሪካው ሠራተኛ የራሚሮን ነፍስ ማር» በሉ። የሞተው እሱ ነው።