ለእናቴ ያልተነበበላት ውል

ለተከበሩት የሰፈራችን ውል አዋዋይ፣

በቅድሚያ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ ወትሮው የሰላም ይሁን እያልኩ፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት ያስገባኋቸውን አራት ማመልከቻዎች ለማንበብ ጊዜ እንዳላገኙ ጸሐፊዎ በትሕትና ስለነገሩኝ መሆኑን እገልጻለሁ።

ነገሩ አጭር ነው። እናቴ ጓሮዋ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለአንድ አናጺ ልትሸጥ ቢሮዎ ገባች፤ ስትወጣ ግን የምትኖርበትን ዋናውን ቤት ጭምር ሸጣ ነበር። እሷ አላወቀችም። እርስዎም አላወቁም። አናጺው ግን ማንበብ ይችላል።

ስለሆነም ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩. ጸሐፊዎ አዲስ ውል መጻፍ ስለሚያደክማቸው፣ በዋዜማው የሌላ ሰው ቤት የተሸጠበትን ውል ከኮምፒውተር አውጥተው ስምና ቀን ብቻ በመቀየራቸው፣ «ዋናው ቤት ከነግቢው» የሚለው ሐረግ ሳይነካ ለእናቴ ደረሳት።

፪. የውሎች የመጨረሻ ገጽ ባለጉዳይ ሳይገባ ገና በጠዋቱ ተደርድሮ ማኅተም ሲመታበት በተከፈተው በር አይቻለሁ፤ ቅልጥፍና መስሎኝም አድንቄአለሁ። ለዚህ ሞኝነቴ ራሴን ይቅር አላልኩም።

፫. ዓይኗን ሞራ የጋረዳት እናቴ «ልጄ ገብቶ ያንብብልኝ» ብላ ብትለምን፣ ከተዋዋዮቹ በቀር ማንም አይገባም ተብላ አሻራዋን አኖረች፤ ከአሻራዋ በላይ ግን «ጮክ ተብሎ ተነብቦላቸው ተስማምተዋል» የሚል ሰፍሯል። ማን እንዳነበበላት ቢጠቁሙኝ ሄጄ እጁን በሳምኩ።

፬. ኃላፊነትዎ በፊርማው እንጂ በይዘቱ ላይ እንዳልሆነ፣ ጥፋቱም የእናቴ መሆኑን በጸሐፊዎ በኩል አስረድተውኛል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። ውል አዋዋይ በቸልተኝነቱ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው የሚለው አንቀጽ ከወንበርዎ ኋላ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ጀርባዎን ሰጥተውት ስለሚቀመጡ ግን አልፈርድብዎትም።

ፍርድ ቤቱ እርስዎ ያጸደቁትን አምኖ እናቴ እስከ ሰኞ ቤቱን እንድትለቅ አዟል፤ መጥሪያውንም ትእዛዙንም ስለ እሷ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። አናጺው ከትናንት በስቲያ ጀምሮ እየተመላለሰ የሳሎኑን በርና መስኮት ይለካል። እናቴ ሊጠግንላት የመጣ መስሏት ወንበር ታቀርብለታለች፣ ትመርቀዋለች። እውነቱን የምነግርበት አንደበት አጥቼ ደብቄባታለሁ፤ ከእርስዎ ቢመጣ ይሻላል ብዬ ነው መጠበቄ።

ለማኅተምዎ ክብርን፣ ለብዕርዎ ዕድሜን፣ ለቤትዎም ከእናቴ ቤት የተለየ ዕጣ ፈንታን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

የጽሕፈት ቤትዎን ዓመታዊ መዛግብት የሚጠርዘው ትሑት አገልጋይዎ

ማስታወሻ፦ የዘንድሮው ጥራዝ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ገጾቹን ሳስተካክል ያቺን «ዋናው ቤት ከነግቢው» የምትል ሐረግ በአንድ ሌላ ውል ላይ አገኘኋት፤ ለጎረቤትዎ የግቢዎን የመኪና ማቆሚያ ቤት ብቻ የሸጡበት፣ ምክትልዎ ያጸደቁልዎ የእርስዎው ውል ነው። ትናንት ሄጄ ለጎረቤትዎ አነበብኩላቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።