አሥራ ሰባት በሌላ ሰው እጅ

ጥቅምት ፰ ቀን ፲፱፻፳፫

ዛሬ ከአዋሽ አዳማ ገባን። አሥራ አራት ፉርጎ... ጨው፣ ቆርቆሮ፣ አቡጀዲ። ሙቀቱ አይጣል ነው። አሥራ ሰባት ግን ደህና ናት። የምነዳትን ባቡር በቁጥሯ ነው የምጠራት፤ ስም ላውጣላት ብል ዲንቄ ትስቅብኛለች። ሚስቴ ናት፣ መብቷ ነው።

ከወለንጪቲ በላይ ያለውን ዳገት እንደ ሁልጊዜው ሳልቆም ወጣሁት። ሌሎቹ ነጂዎች ጭነት ሲበዛባቸው ግማሹን ፉርጎ ፈትተው መንገድ ላይ ይተዉና አዳማ ደርሰው ይመለሱለታል። እኔ በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን እንኳ! እንዴት እንደማደርገው ማንም አያውቅም። እሳት አንዳጄ ሁንዴም አያውቅም። ስድስት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል፣ ሁሉን አስተምሬዋለሁ፣ ከዚያች ብልሃት በቀር። የዳገቱ ኩርባ ጋ ስንደርስ "ሁንዴ፣ እሳት!" እለዋለሁ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ምድጃው ላይ ሲያጎነብስ የማደርገውን አደርጋለሁ። እኔንም አለቃዬ እንዲሁ ነበር ያደረጉኝ። ሁሉን ያስተማረ ሰው ለራሱ ምን ይቀረዋል?

ጥቅምት ፲፬

ከባቡሯ ስወርድ አዳለጠኝ። እግሬ ተሰበረ። ወጌሻው ሰንበታ በሸምበቆ አስሮኝ "ሦስት ወር" አለ። ሦስት ወር! አሥራ ሰባትን ማን ሊነዳት ነው?

ጥቅምት ፲፮

ሁንዴ ሊነዳት ነው። ፈረንጁ ሹም ወስኗል። ሁንዴ ራሱ መጥቶ ነገረኝ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ። "ጋሼ፣ እስኪድኑ ብቻ ነው።" መረቅሁት። አፌ ነው የመረቀው።

ጥቅምት ፳

ከቤቴ ሐዲዱ መቶ እርምጃ አይሞላም። ስታልፍ ሰማኋት። ፊሽካዋን አስረዘመው። ለማን ነው እንዲህ የሚያስጮኻት? ዲንቄ በር ላይ ቆማ "ናሷ እንዴት ያብረቀርቃል! ታምራለች" አለች።

"እሷ ናት ወይስ እሱ?" አልኳት።

"ሁለቱም" ብላ ሳቀች። ምሳዬን አልበላሁም።

ጥቅምት ፳፮

እሰይ! ዳገቱ ላይ ቆመ። ጣቢያ ጭነት የሚያወርደው ኑሬ ነው የነገረኝ። ሰባት ፉርጎ ትቶ፣ በኋላ ተመልሶ ወሰደ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ክፉ ሰው ነኝ እንዴ?

ኅዳር ፫

ሁንዴ ሐብሐብ ይዞልኝ መጣ። ከዲንቄ ጋር በኦሮምኛ ሲሳሳቁ ቆዩ። ምኑ ነው የሚያስቃቸው? እሰማለሁ እኮ፤ ወጌሻው እግሬን ሲያሽ እንዴት እንደጮኽሁ እየነገረችው ነበር። ይኸም አናደደኝ።

ከዚያ ወደኔ ተጠግቶ ተቀመጠ። "ጋሼ፣ ኩርባው ጋ መንኮራኩሯ በባዶው ይሽከረከርብኛል። እሳቱ ሙሉ ነው፣ እንፋሎቱ ሙሉ ነው። ምን ላድርግ?"

"እንፋሎት ጨምርላት" አልኩት።

አመስግኖኝ ሄደ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ... መጨመሩ ነው እኮ የሚያቆማት!

ኅዳር ፬

ነገ እነግረዋለሁ።

ኅዳር ፭

አልነገርኩትም።

ኅዳር ፲፩

ሁለተኛ ቆመ። ሹሙ "ሦስተኛ ከቆምክ አዋሽ ወርደህ እንጨት ትከምራለህ" ብሎታል። ኑሬ ይህን ሲነግረኝ ዲንቄ ሰማች። እሱ ሲወጣ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች።

"ታውቃለህ አይደል? ንገረው።"

"ምኑን?"

"እኔን ነው? አሥራ አንድ ዓመት አብሬህ ኖሬ? ሰውዬው ሚስቱ ገና አራስ ናት። በማርያም ንገረው!"

"ለእሱ ምን አንሰፈሰፈሽ?" አልኳት። አፌን በቆረጠው። ጥላኝ ወጣች።

ኅዳር ፲፫

የመተሐራው ቀን ትዝ እያለኝ ነው። ቡናና ቆዳ ጭነን ወደ አዋሽ ስንወርድ የፍል ውሃው ቧንቧ ፈነዳ። እኔ ደርቄ ቀረሁ። ሁንዴ ነው በክንዱ ከልሎ ወደ ኋላ የገፋኝ። ገና ዓመት አልሞላውም ነበር ከኔ ጋር። ቆዳው ሲላጥ "ምንም አይደል፣ ጋሼ፣ ምንም አይደል" ይለኛል... የተቃጠለው እሱ፣ የሚያጽናናው እሱ። ጠባሳው እስካሁን አለ። ለዚህ ሰው ነው አንዲት ቃል የነፈግሁት?

በቃ። በሚቀጥለው ጉዞ ወደ አዋሽ ከመውረዱ በፊት ሄጄ እነግረዋለሁ።

ኅዳር ፲፮

ወጌሻው "እንዳትነሣ" ያለውን ትቼ በምርኩዝ ጣቢያ ሄድኩ። ላቡ ጨረሰኝ። አሥራ ሰባት ቆማለች። እሱ በኔ መቀመጫ ላይ፣ ክርኑን እንደኔ መስኮቱ ላይ አስደግፎ። ሲያየኝ ዘሎ ወረደ። "ጋሼ! በዚህ እግርዎ!"

አፌን ከፍቼ ነበር። እውነቴን ነው፣ ከፍቼ ነበር። ያኔ አንዱ ከፉርጎ በኩል "ነጂው! ኧረ ነጂው!" ብሎ ተጣራ። እኔ ዞርኩ። እሱም ዞረ። የተጠራው እሱ ነው።

"ዘይቷን አትርሳ" ብዬው ተመለስኩ።

ኅዳር ፲፱

ሦስተኛ ቆመ። እንፋሎት ጨመረላት፣ ጨመረላት፣ ጨመረላት፤ መንኮራኩሯ እሳት እየተፋ ባለችበት ተሽከረከረች አለኝ ኑሬ። እንደመከርኩት አደረገ ማለት ነው።

ዛሬ አንጀቴ ምንም አልጠጣም።

ኅዳር ፳፫

ሁንዴ እንጨቱን አልከምርም ብሎ ሚስቱንና አራስ ልጁን ይዞ ሁሩታ፣ አባቱ እርሻ ገባ። ሊሰናበተኝ አልመጣም። ለዲንቄ ግን ሰላምታ ልኮላታል። ለሷ ብቻ!

ጥር ፳፮

አሥራ ሰባት ላይ ተመለስኩ። አዲሱ እሳት አንዳጅ ነገሪ ይባላል፣ ጎበዝ ነው፣ አይናገርም። ዳገቱን ሳልቆም ወጣሁ። አዳማ ላይ ሰው አጨበጨበልኝ፣ ሹሙ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ይህን ሦስት ወር ስመኘው አልነበር? ቤት ስገባ ዲንቄ "እንኳን ደስ ያለህ" አለችኝ፣ ወጥ እያማሰለች፣ ሳታየኝ።

መጋቢት ፭

ፈቃድ ጠይቄ በበቅሎ ሁሩታ ሄድኩ። ሁንዴ ማሳ ላይ ነው፣ በሬ ጠምዶ። እርፉን ለቆ መጣ። "አከም ጂርቱ፣ ጋሼ" ብሎ ሰላም እያለኝ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ከለከልኩት። እዚያው ቆሜ ነገርኩት፣ ብቀመጥ የምተወው መስሎኝ።

"ሲከብዳት አይጨመርላትም። ኩርባው ጋ የእንፋሎቱን እጀታ ሁለት ጣት ያህል ትመልሰዋለህ። መንኮራኩሯ ሐዲዱን ሲይዝ ያኔ ቀስ ብለህ ትሰጣታለህ። ጨምርላት ያልኩህ ውሸት ነው። ቀንቼብህ ነው።"

የእጁን አፈር አራገፈ።

"ይቺው ናት?"

"ይቺው ናት።"

"ድምጿ ዝቅ ሲል እሰማ ነበር እኮ... ደክሟት ይመስለኝ ነበር።"

"ለሹሙ ያደረግሁትን ነግሬ ወደ ቦታህ አስመልስሃለሁ" አልኩት።

"ይተዉት፣ ጋሼ። ከነገሩት እርስዎን ያወርድዎታል። ከአሥራ ሰባት ሌላ ምን አለዎት?"

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቤቱ አስገብቶ አበላኝ። ሚስቱ ቀና ብላ አላየችኝም። ደግ አደረገች።

መጋቢት ፱

ለሹሙ ነገርኩት። እዚሁ አዳማ ጣቢያ ወደ እንጨት ክምር አወረደኝ። ሁንዴን እንዲያስጠራው ለመንኩት፣ መልእክተኛ ልኳል። ይመጣ እንደሆነ አላውቅም። ዲንቄ ዛሬ አጠገቤ ተቀመጠች።

መጋቢት ፲፬

ምስጢሩን ለነጂዎቹ ሁሉ ነገርኳቸው፣ አንድ ባንድ። ዛሬ ዘጠኝ ቁጥር ባቡር አሥራ አምስት ፉርጎ ይዛ ዳገቱን ሳትቆም ወጣች። ነጂው ሲያልፍ እጁን አወዛወዘልኝ።

ቆሽቴ አረረ። እኔም አወዛወዝኩለት።