ስምንት ዓመት ያረገዘችው ጊደር

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ትምህርት ቤት ሄድኩ። የሒሳብ ፈተና ነበር። መምህሩ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ "አንተ ፈተናው ይቅርብህ" አለኝ። ለካ ወንድም ሲሞት ፈተና ይቀራል። ተፈተንኩ። ሳልፈተን ብቀር ይሻል ነበር።

ስመለስ በረት ገባሁ። ሁለት ከብት ነው ያለን። ዳማ ትታለባለች። ልጇ ጊደር ናት፣ ወልዳ አታውቅም፣ ስሟ ወይዘሪት። ስሙን ያወጣላት ሚሳኤል ነው። "የትኛውም ኮርማ አይመጥናትም" ይል ነበር።

የላሞቹ ስልክ በፌስታል ተጠቅልሎ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ሲም የሌለው፣ የሚሳኤል አሮጌ ስልክ። አንድ አፕ ብቻ ነው ያለው። መቼ ኮርማ እንደፈለጉ፣ መቼ እንደተዳቀሉ፣ መቼ እንደሚወልዱ ይመዘግብበታል... ይመዘግብበት ነበር። አሥራ አራት ቀን ሆነው። ለዳማና ለወይዘሪት ድርቆሽ ሊያመጣ ወጥቶ መኪና ገጨው።

ከፈትኩት። ቀኑ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል። አሮጌ ስልክ ምን ይደረግ! የራሴን ሲም ከትቼ አስተካከልኩት። ቢያንስ ዛሬ አንድ ነገር ሠራሁ።

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

አፑ በቀይ ጽፏል። "ውድ ሚሳኤል፣ ጊደር 02 መካን ናት። ከመንጋው እንድትወገድ ይመከራል።"

ስለ ዳማም፣ "አርጅታለች፣ እንድትወገድ ይመከራል" ይላል። ዳማ ጠዋት ስምንት ሊትር ታልባለች። አልሰማችም መሰለኝ።

መንጋ ይላል እንግዲህ። ሁለቱም ከተወገዱ መንጋው እኔና እማዬ ነን።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ጋሼ እንግዳ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ መጣ። የአባቴ ወንድም ነው። አባባ ከሞተ ወዲህ የቤቱ አዛዥ እሱ ነው፣ ቤቱ ባይጠይቀውም።

"አርባው ቅዳሜ ጥቅምት 29 ይውላል። በሬ የምንገዛበት አቅም የለንም። ያቺ ጊደር ትታረድ።"

እማዬ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እኔ፣ "ጋሼ፣ የሚሳኤል እኮ ናት" አልኩ።

"ለዚህ አይደል? በራሱ ከብት ይዘከራል። ደግሞስ መካን ናት።"

"ማን አለ?"

"ስልኩ ነዋ! እስቲ አምጣው።" አመጣሁ። የሞኝ ሥራ። መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበ። "ከመንጋው... እንድትወገድ... ይመከራል። ሰማሽ ተናኘ? ቴክኖሎጂ ያለው ነው።"

ይሄ ሰውዬ አምና ሚሳኤል አፑን ሲያሳየው፣ "ላም በስልክ ስታረግዝ ካየሁ እመነኩሳለሁ" ያለ ነው። አሁን ስልኩን እንደ ወንጌል በሁለት እጁ ነው የያዘው።

እማዬ በመጨረሻ፣ "ሰው እንዳያማን" አለች። ባለፈው ዓመት አንድ ጎረቤት አርባ ላይ ሥጋው አልበቃም። እስካሁን ይወራል። የሟቹን ስም የሚያስታውስ የለም፣ ወጡን ግን ሁሉም ያስታውሰዋል።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

እማዬ ረስታ ሦስት ሳህን አቀረበች። ሁለታችንም እንዳላየን ሆንን። ሦስተኛውን ጋሼ እንግዳ ደርሶ በላው።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

አፑ ላይ ያለው የእርዳታ መስመር ጋ ደወልኩ። ሙዚቃ... ሙዚቃ... ከዚያ አንዲት ሴት።

"ጊደራችን መካን ናት ብሏል። እንዴት እንዳወቀ ልጠይቅ ነበር።"

"መረጃ የምንሰጠው ለባለቤቱ ብቻ ነው። ባለቤቱ አቶ ሚሳኤል ነህ?"

"ወንድሙ ነኝ።"

"ራሱ ይደውል።"

"አይመቸውም።"

"መቼ ይመቸዋል?"

እንጃ አልኳት። "በተመቸው ጊዜ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እንገኛለን" አለችኝ። ለአገልግሎቱ ከአምስት ስንት እንደምሰጥ ጠየቀችኝ። አምስት ሰጠኋት። ምን ታድርግ?

ለምን "ሞቷል" አላልኩም? አንድ ቃል ነው እኮ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ጋሼ ሥጋ ቆራጩን ቀጠረው። ለዓርብ ጥቅምት 28። ወይዘሪትን ዞር ዞር ብለው አዩአት። ሰውየው ወገቧን መታ መታ አድርጎ፣ "ጥሩ ሥጋ ይዛለች" አለ። ምስጋና የመሰላት መሰለኝ፣ እጁን ላሰችው።

ከሄዱ በኋላ አፑን እስከ ታች ድረስ ከፈትኩት። እስከዛሬ ቀዩን ጽሑፍ ብቻ ነበር የማየው። ስሟን ስነካ ሌላ ገጽ መጣ። "የመጨረሻ ማዳቀል፦ 5/10/2017። ከተዳቀለች 2,947 ቀን አልፏታል። አልወለደችም።"

2,947 ቀን! ስምንት ዓመት ነው። ወይዘሪት ራሷ አራት ዓመት አልሞላትም። ከመወለዷ አራት ዓመት በፊት አርግዛ እስካሁን ተሸክማ ትዞራለች ማለት ነው?

እንኳን ላም ዝሆንም አይችለውም።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

አብዶ ጋ ፉርሽካ ልገዛ ሄድኩ። የከብት መኖ ይሸጣል፣ የሚሳኤል ጓደኛ ነው። ቁጥሩን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሚዛኑን ተወ።

"ስልኩ ውስጥ ሲም ከተትክበት እንዴ?"

"አዎ። ቀኑ ተበላሽቶ ነበር፣ አስተካከልኩት።"

"ያ ረቢ! አንተ ልጅ፣ አልተበላሸም እኮ። ሚሳኤል አውቆ ነው። አፑ የፈረንጅ ቀን ብቻ ነው የሚያውቀው። እሱ ደግሞ በፈረንጅ ቀን ሲቆጥር ይሳሳታል። ስለዚህ ስልኩን ራሱን በኛ ቀን ሞላው። መስከረም አንደኛ ወር፣ ጥቅምት ሁለተኛ ወር... ኔትወርክ ከነካው ወደ ፈረንጅ ይመለስበታል፣ ለዚህ ነው ሲም የማያስገባበት።"

"ጳጉሜስ?"

"ያጠፋዋላ! ስልኩ ላይ አሥራ ሦስተኛ ወር የለም። 'አምስት ቀን ላሞቹም እረፍት ይውጡ' ይለኝ ነበር።"

5/10/2017 ሰኔ 5 ነው። ያለፈው ክረምት መግቢያ። ስምንት ዓመት ሳይሆን አራት ወር ተኩል። ወሩንና ዓመቱን እኔ ነኝ ያዘለልኩት።

"አስተካከልኩት" ብዬ ጽፌያለሁ። እዚሁ ደብተር ላይ፣ በራሴ እጅ። "ቢያንስ አንድ ነገር ሠራሁ" ብዬ ጨምሬበታለሁ።

ሲሙን አውጥቼ ቀኑን በእጄ ሞላሁት። 22/2/2018። ቀዩ ጠፋ። "ጊደር 02፦ 140ኛ ቀን። እርጉዝ ልትሆን ትችላለች። ምርመራ አልተደረገም።"

ልትሆን ትችላለች።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ለጋሼ ነገርኩት። ሦስት ጊዜ አስረዳሁት።

"እና ስልኩ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ እያለ ልክ ነበር። ስታስተካክለው ተሳሳተ?"

"አዎ ጋሼ።"

"አሁን ደግሞ ስታበላሸው ተስተካከለ?"

"አዎ።"

"ይህን ዳኛ ፊት እንዳትናገር።" ስልኩን አየው። ትናንት ቀይ፣ ዛሬ አረንጓዴ። "ልጄ፣ አንተ ያስረገዝከው ላሟን አይደለም፣ ስልኩን ነው።"

ሊያጽናኑን የመጡት ለቀስተኞች ሳቁ። እማዬም ልትስቅ ምንም አልቀራት። ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው፣ እሱም በእኔ ላይ።

"ሰኔ ላይ ተዳቅላለች እኮ!"

"መዳቀልማ ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ተዳቅላለች። ያዘች ወይ ነው ጥያቄው። ማን አየ?"

ይሄኛው እውነቱን ነው። ማንም አላየም። የሚያውቀው እጁን አስገብቶ የሚመረምር ሰው ብቻ ነው።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

ሰኔ ላይ ያዳቀለቻት የከብት አዳቃይዋ ፌኔት ናት፣ መርምራ የምታውቀውም እሷ ናት። ስልኳ ሦስት ቀን ሙሉ ዝግ። ዓርብ ከነገ ወዲያ ነው። ወይዘሪት ምግቧን ጨምራለች። ምን ታውቃለች?

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

አብዶ ጠይቆ አገኛት። ከመስከረም መጀመሪያ ጀምሮ ለሥልጠና ክፍለ ሀገር ነበረች፣ ዛሬ መካኒሳ አንድ ግቢ ትሠራለች። ከሦስተኛ ክፍለ ጊዜ በኋላ ጠፍቼ ወጣሁ። ከለቡ መብራት ኃይል ታክሲ።

በሩ ላይ ሞተሯን አየሁት። እሷ ቦቲ አድርጋ፣ እስከ ትከሻዋ የሚደርስ ጓንት ለብሳ ከአንዲት ላም ኋላ ቆማለች።

"ሉቄ! ምን አመጣህ? ያ ሰነፍ ወንድምህስ? ራሱ አይመጣም?"

አልሰማችም። አገር ምድሩ አልቅሶ ጨርሷል፣ እሷ አልሰማችም።

"ሞቷል" አልኩ።

አልኩት። ለእርዳታ መስመሯ ሴትዮ ያላልኩትን ለፌኔት አልኩት፣ ላሟም እየሰማች። ጓንቱን ሳታወልቅ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔም ተቀመጥኩ። የግቢው ባለቤት ወጥቶ አየንና ተመልሶ ገባ። እስከዛሬ እንዲያ አላለቀስኩም ነበር። እበቱ ላይ ነው የተቀመጥነው፣ ሁለታችንም ያወቅነው ስንነሳ ነው።

"ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚያርዱት?" አለችኝ።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

ትምህርት ቤት አልሄድኩም።

ሥጋ ቆራጩ ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። ገመድ፣ ሁለት ቢላ፣ አንድ ረዳት። ጋሼ እንግዳ ሳህን ያስቆጥራል። ወይዘሪትን ከበረት አወጧት። በሩ ላይ ቆምኩ። "ዞር በል" አለኝ። አልዞርም አልኩ። እንዲህ ብዬው አላውቅም። እማዬ ከማድቤት ወጥታ አየችን፣ ተመልሳም አልገባችም።

ሞተር ተሰማ።

ፌኔት ሰላም ሳትል ጓንቷን አጠለቀች። "ያዝልኝ" አለችው፣ ሥጋ ቆራጩን። ያዘላት። ጋሼ፣ "ልጄ፣ ስልኩ እኮ..." ሲል፣ "ጋሼ፣ ስልክዎ ክንድ አለው?" አለችው።

እጇን አስገባች። ዓይኗን ጨፈነች። ግቢው በሙሉ ፊቷን ያያል። ወይዘሪት ብቻ ድርቆሿን ታኝካለች። ስንት ጊዜ ቆየች? ወደ ሦስት ደቂቃ... ለእኔ ግን ያ 2,947 ቀን ነበር።

"አምስት ወር ሊሞላት ነው። መጋቢት ላይ ትወልዳለች።" እጇን አወጣች። "አንተ፣ ቢላህን ሰብስብ። ከዛሬ ጀምሮ ወይዘሮ በሏት።"

እማዬ ጋሼን ቀና ብላ አየችው። "ሚሳኤል ያስቀመጠውን በልጄ አርባ አላርድም። ሰው ከፈለገ ይማኝ።" ድምፅዋ ትንሽ ነበር፣ ግን ሥጋ ቆራጩ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ።

ጋሼ ለጥቂት ጊዜ ጢሙን አሻሸ። ከዚያ፣ "እኔስ መጀመሪያ ሳያት ጠርጥሬ ነበር" አለ።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

አርባው ዋለ። ሁለት በግ፣ ብዙ ምስር። በቃ። ጋሼ እንግዳ ድንኳን ውስጥ እየዞረ ጊደሯን እንዴት እንዳተረፋት ይናገራል። ወሬው እኔ ጋ እስኪደርስ ክንዱን ያስገባው ራሱ ሆኗል። አንድ ሽማግሌ "አፑ የትኛው ነው?" ሲሉት፣ "በኛ ቀን የሚሠራው" አላቸው። ሁለት ሰዎች እንድጭንላቸው ስልካቸውን ሰጡኝ።

ጠዋት ግን ሌላ ነገር ነበር። ውጤቷን ልመዘግብ የላሞቹን ስልክ ስከፍት ቀኑ 1/3 ይላል። ኅዳር አንድ። የፈረንጅ ሁለተኛ ወር ሃያ ስምንት ላይ ያልቃል። በሚሳኤል ስልክ ጥቅምት 29 የሚባል ቀን የለም። ካህናቱ ደርሰው፣ ድንኳኑ ሞልቶ፣ በእሱ ስልክ አርባው ራሱ የለም።

አምና እንዴት እንዳደረገው አብዶን ጠየቅኩት። "በእጁ ይመልሰዋል። ሁለት ቀን ሃያ ስምንት ላይ ያስጠብቀዋል" አለኝ።

መለስኩት። 28/2/2018። "ውድ ሚሳኤል፣ ጊደር 02 እርጉዝ መሆኗ ተመዝግቧል። እንኳን ደስ አለህ!" አለ። ስሙን መቀየር ይቻላል፣ ቦታውን አይቼዋለሁ። አልነካሁትም።

ነገም ሃያ ስምንት ነው። ሰኞ ለስልኩም ለእኛም ኅዳር አንድ። አንድ ላይ እንገባለን።