ስሙ የታጠበ ጠርሙስ

ውድ እታለም፣

መጀመሪያ የጎረቤታችንን ነገር ልንገርሽ፤ ካልሰማሽ እንቅልፍ እንደማይወስድሽ አውቃለሁ። ልብስ ሰፊው ጉልበቱ ተሽሎት በምርኩዝ እስከ በር መውጣት ጀምሯል። ሚስቱማ «ተኝቶም ምላሱ አላረፈም» ትላለች። ትልቋ ልጃቸው መንታ ወልዳለች፤ ሁለቱም ወንዶች፣ ሁለቱም አያታቸውን ቁርጥ፣ ራሰ በራነቱ ሳይቀር!

አሁን ወደ እኔ ጉድ ልግባ።

የትምህርት ቤቱን ቤተ ሙከራ የማጸዳው እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ልጄም እዚያው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። የኬሚስትሪ የተግባር ፈተናቸው ሐሙስ ነበር። ረቡዕ ዕለት ክፍሉ ለፈተናው ያምርልኝ ብዬ፣ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ትንንሽ ጠርሙሶች በሙቅ ውሃና በሳሙና ፈተግኳቸው። አቧራው ለቀቀ፤ የተለጠፈባቸው ስምም አብሮ ለቀቀ። «ያረጀ ወረቀት ነው» ብዬ ጣልኩት። በእኔ ቤት ጎበዝ ሆኛለሁ!

ለካ ጠርሙሶቹ ኢንዲኬተር የሚባሉት ናቸው። አሲድ ላይ ቤዝ ሲንጠባጠብ፣ አሲዱ ያለቀበትን ቅጽበት ቀለም ለውጠው ይናገራሉ። ታዲያ ሁሉም በራሱ ሰዓት ነው የሚናገረው፤ አንዱ ይቸኩላል፣ አንዱ ይዘገያል። ተማሪው መጀመሪያ ፒኤቹን፣ ማለትም ፈሳሹ ወደ አሲድ ወይም ወደ ቤዝ ማድላቱን የሚያሳየውን ቁጥር፣ አስልቶ፣ ልክ እዚያ ላይ የሚናገረውን መምረጥ አለበት። ይህን በኋላ ያስረዳችኝ ልጄ ናት፣ ሽንኩርት እየከተፈች።

«የኮምጣጤ አሲድ ደካማ ነው፤ ቤዙ ደግሞ ጠንካራ። ስለዚህ አሲዱ ሲያልቅ ፒኤቹ ሰባት ላይ አይቆምም፣ ወደ ቤዙ ያደላል።»

«እና ማን ነው በሰዓቱ የሚናገረው?»

«ፌኖልፍታሊን።»

«ወይ ጉድ! ይህን ስም ተሸክሞ እንዴት ይኖራል?»

ሐሙስ ተማሪዎቹ ሲገቡ እኔ መጥረጊያዬን ይዤ ጥግ ቆሜያለሁ። አንዱ «ቲቸር፣ ጠርሙሶቹ ስም የላቸውም!» ብሎ ጮኸ።

መምህሩ ወጣት ናቸው፤ ፊታቸው ግን ሲጠቁር ያስፈራል። «ማነው ያጠባቸው?»

«እኔ ነኝ መምህር።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «እትዬ፣ ጉድ ሠሩኝ!» አሉ መምህሩ። ባለቀለሞቹ በቀለማቸው ይታወቃሉ። ውሃ የሚመስሉት ሁለቱ ግን አንዱ ተራ አልኮል፣ አንዱ በአልኮል የተበጠበጠው ፌኖልፍታሊን ነው፤ ሽታቸው እንኳ አንድ። «ፈተናውን ሰርዤ ለርእሰ መምህሩ ከማመልከት ሌላ ምን አደርጋለሁ?» አሉ። የእኔም ሥራ፣ የልጄም የስንት ወር ልፋት በአንድ ሳሙና ሊታጠብ!

ያኔ የእኔዋ እጇን አወጣች። ወደ እኔ አላየችም፤ አፍራብኝ ነው አልኩ።

«ቲቸር፣ ስሙ ቢጠፋም ሥራው አልጠፋም» አለች። በሁለት የሙከራ ቱቦ ጥቂት ቤዝ ቀዳች፤ በአንዱ ከአንዱ ጠርሙስ፣ በሌላው ከሌላው አንዳንድ ጠብታ ጣል አደረገች። አንዱ ውሃ እንደመሰለ ቀረ። ሌላው፣ እታለም፣ ቁልጭ ያለ ሮዝ ሆነ! መምህሩ ሳቃቸው መጣና «በሉ ወደ ሥራ!» አሉ።

ልጄ አሲዱን ሳትነካ በፊት ወረቀቷ ላይ አስልታ «8.7» ብላ ጻፈች። ከዚያ አሲዱ ውስጥ ፌኖልፍታሊኑን ጨምራ ቤዙን ታንጠባጥብ ጀመር። ሮዙ ብልጭ ይልና ይጠፋል፣ ብልጭ ይልና ይጠፋል። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ። በመጨረሻ አንዲት ጠብታ፣ አንዲት ብቻ፣ ወደቀችና ሮዙ ሳስቶ እዚያው ቀረ። መምህሩ የፒኤች መለኪያቸውን ነከሩበት፤ ስምንት ነጥብ ስድስት አለ።

በእርሳስ የተጻፈውን ለፈሳሹ ማን ነገረው? ስድስት ዓመት የቤተ ሙከራውን ብርጭቆ አጥቤያለሁ፤ ውስጡ ሕግ እንደሚኖር አላውቅም ነበር። መጥረጊያዬን እንደያዝኩ እንባዬ መጣ። ልጄ ያኔ ቀና ብላ አየችኝና ጠቀሰችኝ። ለካ አላፈረችብኝም፤ ለካ ጨንቋት ነበር።

ቅዳሜ መምህሩ ቤት ድረስ መጡ። ከክፍሉ አንደኛ መውጣቷን ነገሩን። «ስሞቹን እሷ ትጽፍልኛለች፤ እርስዎ ብቻ አይጠጓቸው» ብለው ሳቁብኝ። ሻይ ሰጠኋቸው። «ለመሆኑ ይህ ጭንቅላት ከማን መጣ?» ሲሉኝ ሳላስበው «ከታላቅ እህቴ» አልኩ።

«እሳቸው ኬሚስትሪ ተምረዋል?»

«የለም። በሂሳብ የሚያህላት አልነበረም። እናታችን ስትሞት ግን እኔ ከትምህርት እንዳልቀር ብላ የሷን ስምንተኛ ክፍል ላይ ተወችው።»

ከአፌ ሲወጣ እኔው ደነገጥኩ። ሠላሳ አምስት ዓመት ለሰው ተናግሬው አላውቅም፤ ላንቺም። መምህሩ ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ታዲያ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «አመሰግናለሁ ብለዋቸው ያውቃሉ?»

ታናሽ እህትሽ